ባለቤቴ ዓይኑን ሲያመው ለምን የቂጥኝ ምርመራ ታዘዘለት?

ጥያቄው ከጅማ ከተማ፣ መርካቶ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት ባለትዳር የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አስቀምጠዋለሁ፦

«ባለቤቴ 34 ዓመቱ ነው፤ ቡና ይነግዳል፣ ወደ አጋሮና ሊሙ ይመላለሳል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቀኝ ዓይኑ እየቀላ በጣም ያመዋል። ብርሃን ማየት አይችልም፤ ዓይኑ ያነባል እንጂ አይናር የለውም። ሲብስበት ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል፤ በሦስት በአራት ቀን ሲሻለው ይተወዋል። ከወራት በኋላ እዚያው ዓይኑ ላይ ይመለስበታል። አሁን ግን ጭራሽ ጭጋግ ሆነበት። የዓይን ሐኪም ጋ ብንሄድ ‹ዩቪያይተስ ነው› ብለው በየሰዓቱ የሚደረግ ነጭ ጠብታና ጠዋትና ማታ የሚደረግ ሌላ ጠብታ ሰጡት። የደረት ራጅ፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም አዘዙ። እሱ ‹ዓይኔን ነው ያመመኝ!› ብሎ ተቆጥቶ ምርመራውን ሳያደርግ ወጣ። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ፈርቷል። ጎረቤቶቼ ‹ያ ጠብታ ዓይን ያጠፋል› ይሉኛል። ረመዳንም ሊገባ ነው፤ ቀን ቀን ጠብታውን አልጠቀምም እያለ ነው። ምን ላድርግ?»

የዓይን ሐኪሙ ምላሽ፦

እህቴ፣ ልብዎን ካስፈራው ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ የታዘዘው ሐኪሙ በባለቤትዎ ጠባይ ላይ አንዳች ነገር ስለጠረጠሩ አይደለም። ዩቪያይተስ (የዓይን ውስጥ መቆጣት) ለያዘው ጎልማሳ፣ በተለይ ለተመላለሰበት፣ እንደ ደንብ የሚታዘዝ ነው። እኔ ለቄስም ለሼህም አዝዣለሁ፤ የሰባ ዓመት አሮጊትም አሥመርምሬ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። የምናዝዘው ሰውየውን አይተን ሳይሆን በሽታውን አይተን ነው።

«ዓይኔን ነው ያመመኝ» ማለታቸው ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከውጭ ከምናየው ከነጩ የዓይን ክፍል ሥር በደም ሥር የተሞላ ሽፋን አለ፤ ዩቪያ ይባላል። ከፊት ለዓይናችን ቀለም የሚሰጠው ቀለበት፣ ቀጥሎ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ፣ ከኋላ ደግሞ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል) የሚመግበው ንጣፍ የዚሁ የዩቪያ ክፍሎች ናቸው። ደም በብዛት የሚመላለስበት ቦታ ስለሆነ በደም የሚዞር ነገር ሁሉ እዚያ ሊያርፍ ይችላል፤ የበሽታ ተሕዋስም ይሁን የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ያየ የሰውነት መከላከያ። ዩቪያይተስ የምንለው የዚህን ሽፋን መቆጣት ነው። አንዳንዴ ነገሩ ከዓይን አያልፍም። አንዳንዴ ግን የሳንባ፣ የወገብ ወይም የቆዳ በሽታ መጀመሪያ ራሱን የሚያሳየው በዓይን በኩል ነው።

ቲቢን እንውሰድ። ሰው ሳይስል፣ ሌሊት ሳያልበው፣ ሳይከሳ ቲቢ ዓይኑን ሊያስቆጣው ይችላል። ራጁ የታዘዘው ለዚህ ነው። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም ያ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም፤ የዓይን ቲቢ ካለባቸው ሰዎች የብዙዎቹ ደረት በራጅ ምንም አያሳይም። ቲቢ ነው ከተባለ ቢያንስ የስድስት ወር መድኃኒት ይጀመራል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ኢታምቡቶል ነው፤ እሱ ደግሞ የዓይን ነርቭን ሊነካ ስለሚችል በመሐል ቀለም መለየት ካስቸገራቸው ወይም እይታቸው ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መናገር አለባቸው።

ስለ ቂጥኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ትዳር የሚያናጋው እሱ ነውና። ቂጥኝ ዓይን ውስጥ ሲገባ የማይመስለው በሽታ የለም፤ የፊቱን ክፍል ብቻ ሊያስቆጣ፣ ሬቲናን ሊያጠቃ፣ የዓይን ነርቭን ሊያሳብጥ ይችላል። በመሣሪያ አይቶ ብቻ «ይሄ ቂጥኝ አይደለም» ብሎ የሚምል ሐኪም ካጋጠመዎ አይመኑት። ሳይታወቅ መቆጣትን በሚያበርደው ስቴሮይድ በሚባል ጠብታ ብቻ ከታከመ ለጊዜው የበረደ ይመስልና ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ከታወቀ ደግሞ ዩቪያይተስ ከሚያመጡ በሽታዎች ሁሉ ለመታከም ከሚቀሉት አንዱ ነው። ዓይን ላይ ሲሆን እንደ ነርቭ ቂጥኝ ተቆጥሮ ፔኒሲሊን ከ10 እስከ 14 ቀን በደም ሥር ይሰጣል፤ ቶሎ ከተጀመረ እይታቸው በደንብ የሚመለስላቸው ብዙዎች ናቸው።

ውጤቱ «አለ» ቢል እንኳ ቤት ውስጥ ነገር ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። ቂጥኝ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የደም ምርመራው መቼ እንደያዘ፣ ከማን እንደመጣ አይናገርም፤ ከጋብቻችሁ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነገር፣ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ ድሮ ታክሞ የዳነን ሰው እንኳ ዕድሜ ልኩን «አለበት» ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ሌላ ዓይነት ምርመራ ተጨምሮ ሁለቱ አንድ ላይ የሚነበቡት። ያኔ እርስዎም መመርመር ይኖርብዎታል፤ ጥፋተኛ ለመለየት ሳይሆን፣ አንዱ ታክሞ ሌላው መልሶ እንዳያስይዘው። ኤችአይቪም እንዲሁ ነው፤ መኖር አለመኖሩ ዓይን ውስጥ የምንፈልጋቸውን በሽታዎች ዝርዝር ይቀይረዋል፣ የመድኃኒቱንም ምርጫ ይወስናል።

ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ ሁልጊዜ ቀኝ ዓይናቸው መሆኑ። ዓይናቸውን ሳላይ ይህ ነው ብዬ መወሰን አልችልም፤ ሐኪማቸው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ግን ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይን ብቻ የሚመላለስ የፊት ዩቪያይተስ የሄርፒስ ቫይረስን ያስጠረጥራል። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ሲነቃ በዚያው ነርቭ በኩል እዚያው ቦታ ይመለሳል። ምች መታኝ ሲባል ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ቫይረስ ሥራ ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚያመጣው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱም በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ወደ ዓይን ሊገባ ይችላል። ሄርፒስ ሲሆን የዓይን ግፊት በሕመሙ ጊዜ ከፍ የማለት፣ የኮርኒያም (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ስሜት የመደንዘዝ ነገር ይታያል፤ ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ነክተው ሊያውቁት ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ አሳይክሎቪር የሚባለው እንክብል ይጨመራል፤ ያለ እሱ ስቴሮይድ ብቻውን አይበቃም፣ ኮርኒያው ላይ ቁስል ካለማ ያባብሰዋል። በነገራችን ላይ ዳማከሴ መጠጣትና ማሽተት የቤታችን ልማድ ነው፣ አልከራከርም። ጭማቂውን ዓይን ውስጥ መጭመቅ ግን በፍጹም አይሆንም።

አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ጠዋት ሲነሡ ወገባቸው ደርቆ እንቢ ይላል? ሲንቀሳቀሱስ ይለቃቸዋል? ጎልማሳ ወንዶችን የሚያጠቃ የአከርካሪ አንጓ ብግነት አለ፤ ዓይንንም ድንገት እያስቆጣ ይመላለሳል። ኤችኤልኤ-ቢ27 ከሚባል ዘረ-መል (ጂን) ጋር የተያያዘ ሲሆን አውሮፓ ውስጥ ድንገተኛ የፊት ዩቪያይተስ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ዘረ-መል አለባቸው። በአፍሪካ ዘረ-መሉ ብዙም ስለማይገኝና ይህኛው ሕመም ዛሬ በቀኝ፣ ሌላ ጊዜ በግራ ዓይን መምጣት ስለሚቀናው ከእሱ አልጀምርም፤ ጥያቄው ግን ምንም አያስከፍልም። አፍ ውስጥ የሚመላለስ ቁስልም ካለ ለሐኪሙ ይነገር።

ለቡና ወደ ገጠር ስለሚወጡ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። በጅማ ዞንና በአካባቢው በሚፈጥኑ ወንዞች ዳር የሚራቡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች የሚያስተላልፉት ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባል የትል በሽታ አለ፤ ለእሱ ነው ኅብረተሰቡ አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት እየታደለው የኖረው። የትሉ እጮች ዓይን ውስጥ ገብተው ሲሞቱ ያስቆጡታል። እኛ አካባቢ ከዓይን ይልቅ ቆዳን ማሳከክ ይቀናዋል። የማይለቅ ማሳከክ ወይም ከቆዳ ሥር የሚዳሰስ እብጠት ካላቸው ይንገሩ፤ ከሌላቸው ይለፉት።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም ምክንያት ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ነው። ሐኪሙ አላወቁም ማለት አይደለም፤ አደገኞቹ ምክንያቶች ተጣርተው ወጡ ማለት ነው፤ ሕክምናውም በልበ ሙሉነት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጠብታው። ሕመሙ ለምን ተመላለሰ ካሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አንዱን ጥፋት ከደብዳቤዎ አነበብኩት፦ «ሲሻለው ይተወዋል»። በዩቪያይተስ ሕመሙ ከብግነቱ ቀድሞ ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ነጥቶ፣ ሕመሙም ለቆ ውስጡ ገና እየነደደ ሊሆን ይችላል። ይህን የምናየው ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ብቻ ነው። ቀጭን ብርሃን ወደ ዓይን ስንልክ የተቆጣው ዓይን ውስጥ ያሉት ሴሎች፣ በጨለማ ቤት በቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር ላይ እንደሚንሳፈፍ አቧራ ሆነው ይታያሉ። ብዛታቸውን ከ0 እስከ 4 ደረጃ እንሰጠዋለን፤ ጠብታ የምንቀንሰው በእሱ ነው፣ በሽተኛው «ተሽሎኛል» በማለቱ አይደለም።

መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ይህ መሣሪያ የለም። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ቀይ ዓይን ነው። አይናር ያለውና ጠዋት ቅንድብን የሚያጣብቀው ተላላፊው የዓይን ሕመም አለ። ሕፃናትን፣ ወንዶቹን በብዛት፣ ዓይናቸውን እስኪፈትጉ የሚያሳክከው አለርጂ አለ። በለቀማ ወቅት የቡና ቅርንጫፍ ወይም የበቆሎ ቅጠል ከጫረው በኋላ ኮርኒያ ላይ ነጭ ነጥብ የሚያበጅ ቁስል አለ፤ ፈንገስ የሚገባውም በዚሁ ነው። ዩቪያይተስ ከነዚህ የሚለየው ጥልቅ በሆነ ሕመሙ፣ ብርሃን በመጥላቱ፣ አይናር በማጣቱና ቅላቱ ከዳር ይልቅ ጥቁሩን ክፍል መክበቡ ነው። ለዩቪያይተስ የሚያድነው ጠብታ የፈንገስ ቁስል ላይ ከተደረገ ዓይኑን በቀናት ሊያሳጣ ይችላል። ያዘዘ ሳይኖር ስቴሮይድ መሸጡ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ የሚሸጠው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ማየት የማይችለውን ነገር ስለሚያክም ነው።

የተሰጣቸው ነጩ ጠብታ እንደ ገለጻዎ ፕሬድኒሶሎን አሲቴት የሚባል ስቴሮይድ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፤ በደንብ ካልተናወጠ ዓይን ውስጥ የሚገባው ውኃው ነው። መጀመሪያ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀጥሎ በቀን ስድስቴ፣ አራቴ እያለ ይወርዳል። ጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። በድንገት ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ጠብታ አትሮፒን ወይም ከእሱ ወገን የሆነ ይሆናል። ብሌኑን ይከፍታል። ዩቪያይተስ ባለበት ዓይን ውስጥ ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ቀለበት ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ዙሪያውን ከተጣበቀ የዓይን ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊቱ በአንዴ ይንራል፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ይከተላል። ብሌኑን ክፍት አድርጎ ማቆየት ይህንን ይከለክላል፣ የጡንቻውንም ቁርጠት ስለሚያላላ ሕመሙን ያስታግሳል። ይህን ጠብታ ሲጠቀሙ የቅርቡን ማየት ያስቸግራቸዋል፤ ሚዛንና ስልክ ማንበብ ይከብዳል፣ ፀሐይም ይበረታባቸዋል። ይህ መድኃኒቱ ነው እንጂ በሽታው አልባሰም። የፀሐይ መነጽር ያድርጉ፣ እስከዚያ መኪና አይንዱ። አትሮፒን ከሆነ ከተተወ በኋላም ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲጠቀሙት ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ የዓይን ግፊት በተወሰነ ደረጃ ይጨምራል፤ በጥቂቶች ደግሞ በጣም ይጨምራል። ግፊት ሲጨምር በአብዛኛው አያምም፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሆነ የዓይን ሞራም ያመጣል። ለአለርጂ ብለው እየገዙ ለዓመታት ሲጨምሩት የኖሩ ወጣቶች ግላኮማ ነርቫቸውን በልቶት ይመጣሉ፤ ያ አይመለስም። ባለቤትዎን ግን የሚያሰጋቸው በሐኪም ዓይን ሥር ያለው የስድስት ሳምንት ጠብታ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ግፊቱን ሳይለካ የገዙት ነው። በየቀጠሮው «ግፊቱ ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ቤት ያሉትን ጠብታዎች ስም ደግሞ አንብቡ፦ ስማቸው በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» የሚያልቅ፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ ናቸው። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅለው ስለሚሸጡ ሰው «የጀርም መድኃኒት ነው» ብሎ ይጨምራቸዋል።

ጠብታ ካልበቃ ከዓይን አጠገብ የሚሰጥ መርፌ ወይም የፕሬድኒሶሎን እንክብል አለ። እንክብሉ ከመጀመሩ በፊት ቲቢው መጣራት፣ ስኳርና የደም ግፊት መለካት፣ የአንጀት ትልም መታከም አለበት፤ በእኛ አገር አንጀት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ትል አለና በስቴሮይድ ሥር ይራባል። እሱም ካቃተ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። በሳምንት አንዴ ነው፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አዳሊሙማብ የሚባለው መርፌም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ ለዩቪያይተስ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን እኛ ጋ የአብዛኛው ሰው አቅም አይደለም። ባለቤትዎ እዚህ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ አላስብም።

ስለ ረመዳን። በየሰዓቱ የሚደረግ ጠብታ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ከተተወ ዓይኑ በየቀኑ ከ13 ሰዓት በላይ ያለ መድኃኒት ይቆያል። ብዙ ዑለማዎች የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም ይላሉ፤ ባለቤትዎን የሚያሳስባቸው ምሬቱ ጉሮሮ መድረሱ ይሆናል። ለእሱ መላ አለው፦ አንድ ጠብታ ካደረጉ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ መጫን። ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርደው በጣም ይቀንሳል፣ ዓይን ውስጥ የሚቀረውም ይበዛል። በሁለቱ ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ልባቸው ካልተቀበለው የሚያምኗቸውን ሼህ ይጠይቁ፤ ለሕመምተኛ ቀዷ ማውጣት (ያልጾመውን ቀን በኋላ መጾም) የተፈቀደ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ከሳቸው ቢሰሙት ይሻላል። የፕሬድኒሶሎን እንክብል ከታዘዘ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ከሱሑር ምግብ ጋር ይስማማል።

ቀጠሮው ሳይደርስ እይታቸው ድንገት ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ከበረታ፣ ከጥቁሩ ክፍል ሥር ነጭ ነገር ተጠራቅሞ ከታየ ወይም ጥቋቁር ነገሮች ከፊታቸው መንሳፈፍ ከጀመሩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ዓይን ክፍል፣ ሌሊት ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ይዘዋቸው ይሂዱ። ምርመራውን በተመለከተ አብረው ይሂዱ፤ ብዙ ወንድ ብቻውን ከሚላክ «ሁለታችንም እንመርመር» ሲባል ይቀለዋል። ለሚቀጥለው ቀጠሮም በሁለት ዓመት ውስጥ የገዟቸውን ጠብታዎች፣ ያለቁትንም ቢሆን፣ ጠርሙሳቸውንና ካርቶናቸውን በፌስታል ሰብስበው ለሐኪሙ ያሳዩ።